የጠበበው ኮት

አንዲት ዓይነ አፋር የልብስ ስፌት መምህርት እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረችው ምስጢር አላት። ትምህርቷን በቪዲዮ እየቀረጸች በኢንተርኔት ትሸጥ ነበር። ቪዲዮውን ያለ ፈቃዷ የገለበጠ ሰው እንዳይጠቀምበት ስትል፣ ልብስ እንዳይጠብ ለስፌት የሚተወውን ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ሆን ብላ ሳትናገር ታልፍ ነበር። ለተመዘገቡት ግን እየደወለች፣ «አንድ ነገር ረስቼ ነበር» ብላ ትነግራቸው ነበር።

የአንድ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ኃላፊ አቶ ባንተይርጋ ቪዲዮውን ከሰው ስልክ ገልብጠው ለሠልጣኞቻቸው ሁሉ አደሉት። ሠልጣኞቹም በዚያው ትምህርት ለኃላፊያቸው ኮት ሰፍተው አለበሷቸው። ኮቱ ብብታቸውን ሰቅዞ አላላውስ አላቸው። በቁጣ አስጠሯትና በሠልጣኞቹ ፊት፣ «አንቺ! ይሄ ነው ትምህርትሽ? ለምን እንደጠበበ አሁኑኑ ካልተናገርሽ የማስተማር ፈቃድሽን አስነጥቅሻለሁ!» አሏት።

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጌታዬ፣ ትምህርቱስ ሰፊ ነበር። እርስዎ ዘንድ በበር ሳይሆን በመስኮት ሾልኮ ስለገባ ነው የጠበበው» አለች።

ሠልጣኞቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ባንተይርጋም ሳቃቸው ሲያመልጣቸው የኮቱ ጀርባ ተተረተረ።

በማግስቱ ጠዋት የአዲስ ተመዝጋቢ ስም ደረሳት፤ ባንተይርጋ ይላል። ስልኳን አንስታ ደወለችላቸው።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች፣ «አንድ ነገር ረስቼ ነበር።»