ፀሐይ የመታው ድንጋይ

አንድ ጊዜ በደጋ አገር፣ የውሃው ቅዝቃዜ በቀትር እንኳ አጥንት ድረስ በሚሰማ ሐይቅ ዳር፣ አንዲት ልጅ አቆስጣ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። አቆስጣ እየጠለቀ ዓሣ የሚይዝ ጸጉራም አውሬ ነው፤ ብርድ ብዙም አይደፍረውም። ይቺ ግን ጸጉሯ ስስ ነበርና ብርድ አትችልም። እኩዮቿ «የጥርስሽ መንገጫገጭ ዓሣውን አስበረገገብን» እያሉ ይስቁባታል። ሳቃቸው ከብርዱ ይበልጥ ያማት ነበር።

እናቷ ግን አትስቅም። «ልጄ፣ አንዴ ከጠለቅሽ ወጥተሽ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ተንከባለዪ። ሙቀት የሚይዝልሽ ደረቅ ጸጉር ነውና ሳይደርቅ አትመለሺ። መንቀጥቀጥ ከጀመረሽ ውጪ። እየበረደሽ መንቀጥቀጡ ራሱ ከተወሽ ግን ያኔ ፍሪ፤ ገላሽ ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው» ትላታለች።

አንድ ቀን እናቷ ወደ ማዶ ተሻግራ ሳለ፣ ቀበሮና ጅብ ተርበው መጡ። ልጅቱ ዓሣ ይዛ ብቅ ስትል ቀበሮ አያት።

«እንዳንቺ ያለ ጠላቂ አይቼ አላውቅም» አላት። «ለመሆኑ ይህ ውሃ አይበርድሽም?»

እንዲህ ብሎ ያሞገሳት ኖሮ አያውቅም። «ኧረ ምንም አይለኝም» አለች።

ዓሣውን ሰጠቻቸው፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ተንከባልላ ደርቃም ተመልሳ ጠለቀች። ቀበሮም ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ድንጋዩ ላይ ተጋደም። ማረፊያ ካጣች ቶሎ ተመልሳ ሌላ ታወጣልናለች» አለው። ጅብ ነገሩ ባይገባውም ሙቀቱ ተመቸውና ተዘረጋ።

ልጅቱ ሌላ ዓሣ ይዛ ወጣች። «አያ ጅቦ፣ እባክህ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አለችው።

«ሆዴ ሲሞላ እነሣለሁ» አለ ጅብ። የጅብ ሆድ ደግሞ መቼ ሞልቶ ያውቃል።

«ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» አላት ቀበሮ ፈገግ ብሎ።

በርዶኛል ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። አፈረች። እርጥብ ጸጉሯን አራግፋ ተመለሰች፤ ደጋግማም ጠለቀች። ኋላ ስትወጣ መንቀጥቀጧ ቆሞ ነበር።

«ተመስገን፣ ብርዱ ለቀቀኝ» አለች ምላሷ እየተሳሰረ።

«አላልኩሽም? ለምደሽዋል» አላት ቀበሮ። «እንግዲያው አንድ ብቻ ጨምሪልን።»

የእናቷ ምክር ሊመጣላት አልቻለም፤ ሐሳቧም እንደ ገላዋ ደንዝዞ ነበር። ጠለቀች፤ አልወጣችም።

ቀበሮ ነገሩ ሲገባው ጅራቱን ቆልፎ ሹልክ አለ። ጅብ ግን «ትልቁን እየያዘች ይሆናል» እያለ እዚያው ተጋድሞ ጠበቀ።

እናት ስትመለስ ልጇን ከሸምበቆው ሥር አገኘቻት። ነክሳ እየጎተተች ወደ ዳር አወጣቻት።

«ዓሣውን አልያዘችም?» አለ ጅብ።

እናት ቀና ብላ አየችው። ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ዓይኗን መቋቋም አቅቶት ተነሣ። የተኛበት ድንጋይ ገና ሙቅ ነበር። ልጇን እዚያ አስተኝታ፣ ስስ ጸጉሯን እየላሰች አለቀሰች። ጸጉሯ ደረቀ፤ ልጅቱ ግን አልሞቀችም።

ከዚህ የምንማረው፣ በርዶኛል ማለት የሚያሳፍር አለመሆኑን፣ የሚያሳፍረውስ የሌላውን ማሞቂያ ይዘው፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ እያዩ ጎበዝ ብለው ማሞገስ መሆኑን ነው።