ትጓደድ፣ ቧንቧውና እምቢ ያሉት ሁሉ

አታምኑኝም። ምላሴን እሳት ይብላው፣ አታምኑኝም፤ ብታምኑኝ እንዲያውም እኔው እታዘባችኋለሁ። ግን በሸንበቆ ሜዳ ቀበሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ሴት በሁለት እግሯ እየሄደች ሞተች። የፈለገችውም ይህችን ብቻ ነበር፦ አንድ ጀሪካን ውሃ።

ሴትዮዋ ትጓደድ ትባላለች። ስትጣራ ሦስት ቀበሌ ማዶ የተኛ በሬ ይነሣል። የሸንበቆ ሜዳ ቦኖ በዚያ ሰሞን ዘመናዊ ሆኖ፣ ውሃ ቀጂዋ ቀርታ በካርድ ሆኗል፤ ካርዱን ታስጠጋለህ፣ ቧንቧው ጢጥ ይላል፣ ውሃው ይወርዳል። ትጓደድ ካርዷን አስጠጋች። ቧንቧው ጢጥ አላለም። ከሆዱ ውስጥ ቀዝቃዛ የሴት ድምፅ ወጣና፣ «ባለካርዷ ሞተዋል። ነፍስ ይማር» አለ።

«ማን ናት የሞተችው?»

«ትጓደድ» አለ ቧንቧው። «አላፈስም።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ጀሪካናቸውን አቅፈው አንድ እርምጃ ሸሹ። አንዷማ ነጠላዋን ቀስ ብላ ለሐዘን አዘቀዘቀች።

ትጓደድ ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ወደ ስማቸው ሄደች። «ስማቸው፣ ሞቴን ሰርዝልኝ! ቧንቧው አላፈስም አለ፣ እኔም ጠማኝ።»

ስማቸው ኮምፒዩተሩን አየ፤ ትጓደድን አየ፤ ከሁለቱ ኮምፒዩተሩን አመነ። «እትዬ፣ እዚህ ሞተዋል ይላል። ፕሮግራሙን የሠራው ናሁሰናይ ነው፤ እሱ ሳይነካው እኔ አልሰርዝም። ነፍስዎን ይማር።»

«ነፍሴ እዚህ ቆማ እያናገረችህ!»

«እሱስ ይታየኛል» አለ ስማቸው ዓይኑን ሰብሮ። «ግን አልተመዘገበም።»

ስትወጣ የቀበሌው ውሻ በሩ ላይ ነበር። ያ ውሻ በነፋስ ይጮኻል፣ በደመና ይጮኻል፣ በገዛ ጅራቱ ይጮኻል። በትጓደድ አልጮኸም። እሷን አልፎ ከኋላዋ ያለውን ባዶ መንገድ ያይ ነበር።

ወደ ናሁሰናይ ሄደች። ናሁሰናይ ከወፍጮ ቤቱ በላይ የሶፍትዌር ድርጅት ከፍቷል፤ ድርጅት የሚባለው እሱና አንድ ላፕቶፕ ነው። «ናሁሰናይ፣ ንካው! ስማቸው አልሰርዝም አለ፣ ቧንቧው አላፈስም አለ፣ እኔም ጠማኝ።»

ናሁሰናይ ስሟን ከፈተ። ፎቶዋ ብቅ አለ። ስትነሣ ዓይኗን በልቅጣ ነበር፤ እዚያ ግን ጨፍናለች።

«መቼ ነው የተወለዱት እትዬ?»

«ጳጉሜን ስድስት።»

ናሁሰናይ አመድ መሰለ። «ወይኔ! ጳጉሜንን ረስቼዋለሁ! ማሽኑ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ የማያውቀውን ቀን ሲያገኝ እንደ ሙት ነው የሚቆጥ...» አፉን በሁለት እጁ ያዘ። «ምንም አላልኩም! እትዬ፣ ምንም አልሰሙም!»

«ሰምቻለሁ። በል አሁን አስተካክለው።»

«አልነካም! የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ገብቻለሁ። ሥራዬ ሰው ቢጎዳ ካሣውን እነሱ ይከፍሉልኛል። ግን ውሉ ‹ሳንፈቅድልህ አጥፍቻለሁ ብትል፣ ያጠፋኸውንም ብትነካካ፣ አናውቅህም› ይላል። ካስተካከልኩት አመንኩ ማለት ነው። የኢንሹራንሷ እልፍነሽ ሳትፈቅድ ጣቴን አላሳርፍም።»

ትጓደድ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄደች። የቢሮው መስታወት በር ሰው ሲቀርበው በራሱ ይከፈታል። ለትጓደድ አልተከፈተም። እጇን አወዛወዘች፣ ዘለለች፣ ጮኸች፤ በሩ ዝም። ሌላ ሰው እስኪመጣ ጠብቃ በጀርባው ተለጥፋ ገባች።

«እልፍነሽ፣ ፍቀጂ! ናሁሰናይ አልነካም አለ፣ ስማቸው አልሰርዝም አለ፣ ቧንቧው አላፈስም አለ፣ እኔም ጠማኝ።»

እልፍነሽ ድምፅዋ ቅቤ ነው። «በጣም እናዝናለን እትዬ። አይዞዎት፣ ይቀመጡ። የደረሰብዎት ጉዳት ምንድን ነው?»

«ሞተሻል ይሉኛል።»

እልፍነሽ በሚያምር እጅ ጽሕፈት «ሞት» ብላ ጻፈች። «እንግዲህ ለሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። መቀበርዎን የሚገልጽ፣ የእድርዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያምጡልኝ።»

«አልሞትኩማ!»

«ካልሞቱ ጉዳት የለም። ጉዳት ከሌለ ፋይል አይከፈትም። ፋይል ካልተከፈተ ለናሁሰናይ አልፈቅድም።» ከዚያ ለስለስ ብላ፣ «ለቤተሰብዎ መጽናናትን ይስጥልን» አለቻት።

ትጓደድ ወጣች። የሰው ሁሉ ጥላ አስፋልቱ ላይ ጠቁሮ ተነጥፏል። የእሷ ሣሥቶ ሣሥቶ የሩዝ እጣቢ መስሏል። ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ሰፈሯ ስትደርስ ጥሩንባ ተነፍቷል። በራሷ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ያ ለስላሳ ድምፅሽ፣ እንደ ርግብ!» እያሉ ያለቅሷታል።

«ውሸታሞች!» አለች ትጓደድ። ማንም ዞር አላለም። ከዳር ተቀመጠችና፣ ሙሾው መልካም ስለነበር፣ እሷም ለራሷ ልታለቅስ ሞከረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ዕንባም ለካ ውሃ ይፈልጋል።

ተነሥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ባሻ ደርበው ሄደች። «ባሻ፣ ይተሙልኝ! እልፍነሽ አልፈቅድም አለች፣ ናሁሰናይ አልነካም አለ፣ ስማቸው አልሰርዝም አለ፣ ቧንቧው አላፈስም አለ፣ እኔም ጠማኝ።»

ባሻ ማኅተማቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው እፍ አሉበትና መልሰው ከተቱት። «ትጓደድ፣ አንቺ ደግ ሴት ነበርሽ።»

«ነኝ ይበሉ!»

«ነበርሽ። ግን እድራችን ሳይቀብር አትሞ አያውቅም፤ በእኔ ዘመን አይጀመርም። አያ ሙጬ ይቆፍር፣ በወግ በማዕረግ እንቅበርሽ፣ በማግስቱ አትምልሻለሁ። እስከዚያ አላትምም።»

«ከተቀበርኩ በኋላ ውሃው ምን ያደርግልኛል?»

«እሱ በመተዳደሪያ ደንባችን የለም።»

ከባሻ ወዲያ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መቃብር ቆፋሪው አያ ሙጬ። ትጓደድ ድምፅዋ ሞቶ፣ ያ በሬ የሚያስነሣው ድምፅ ትንኝ አክሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ደረሰች። «አያ ሙጬ... ባሻ አላትምም አሉ። እልፍነሽ አልፈቅድም አለች። ናሁሰናይ አልነካም አለ። ስማቸው አልሰርዝም አለ። ቧንቧው አላፈስም አለ። እኔም ጠማኝ። አንተም እምቢህን በለኝና ልሂድ።»

«እሺ» አለ አያ ሙጬ።

ቀኑን ሙሉ ስትለምን የዋለችው እሺ ከዚያ መጣ። የትጓደድ ጸጉር በሻሽዋ ሥር ቆመ። አያ ሙጬ ዶማውን አነሣ።

«ቁመቴን አትለካም?»

«የሁላችሁንም አውቀዋለሁ» አለና መቆፈር ጀመረ።

ላይኛው አፈር ደረቅ ነበር። ከወገብ በታች ግን ጥቁር ሆነ፤ ከርሱም የዝናብ ሽታ ወጣ። ትጓደድ ሳታስበው አፋፉ ላይ ቆማለች።

«እርጥብ ነው እንዴ አያ ሙጬ?»

«እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ውረጂና እይው።»

አያ ሙጬ ጥግ ይዞ ቦታ ለቀቀላት። አንድ እግሯን ሰደደች። ብርዱ በተረከዟ ገብቶ እስከ ጉሮሮዋ ደረሰ፤ ደስ አላት። ሁለተኛውን እግሯን ሰደደች። ተቀመጠች። ልትጋደም ስትል ባሻ ደርበው ጥሩንባ አስቀድመው፣ ለቀስተኛውን አስከትለው ከተፍ አሉ። ቁልቁል አዩ። ከጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ቁልጭ ቁልጭ እያሉ አዩዋቸው።

«ትተነፍሳለች!» አሉ ባሻ። «ይቺን ቀብሬ ካተምኩ የገደልኳት እኔ ነኝ! ተነሺ!»

ትጓደድ ልትነሣ ሞከረች። አፈሩ እስከ ጉልበቷ ይዟታል። እንዳትጠይቁኝ፤ ማንም አፈር አልመለሰባትም፣ ብቻ ይዟታል።

ባሻ በሰባ ዓመታቸው እንደ ፌንጣ እየዘለሉ አስፋልቱን አቋረጡ። እልፍነሽ ዘንድ ደርሰው፣ «በቁሟ ልትቀበር ነው! ባንቺ ወረቀት!» አሉ። የእልፍነሽ ቅቤ ድምፅ ቀለጠና ጮኸች፤ እስካሁን የጽሑፍ ሞት ነበር፣ ይኼ ግን የእውነት ሊሆን ነው፣ ትጓደድ ብትሞት ካሣ ከፋዩ የራሷ ቢሮ ነው፣ የሚከፈተውም ፋይል እልፍነሽን ራሷን ይበላታል። ስልኩን አነሣች፦ «ናሁሰናይ፣ ፈቅጃለሁ! አጥፍቻለሁ በል! ንካው!»

ባሻ አላትምም አሉና ሮጡ፣ ባሻ ሲሮጡ እልፍነሽ ፈቀደች፣ እልፍነሽ ስትፈቅድ ናሁሰናይ ነካ፣ ለማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ነገረው፣ ናሁሰናይ ሲነካ ስማቸው ሰረዘ፣ ስማቸው ሲሰርዝ ቧንቧው ጢጥ አለ፣ ቧንቧውም ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ተረፈ። ሴቶቹ ጀሪካኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ መቃብሩ አፋፍ አደረሱት።

ትጓደድ ጠጣች። ሁሉም ጉሮሮዋን ያያሉ፤ አንድ ጊዜ ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ። በሦስተኛው አፈሩ እግሯን ለቀቀ፤ ወጣች። ጥላዋ ጠቁሮ ከሥሯ ተዘረጋ። «እስቲ አሁን ነበርሽ በሉኝ!» ብላ ጮኸች፤ በሬዎች ተነሡ።

ሰው ሁሉ ሣቀ፣ ተቃቀፈ። ናሁሰናይም በሩጫ ደርሶ ላቡን እየጠረገ፣ «ተመስገን! ማንም አልተጎዳ!» አለ። ተያይዘው ሊሄዱ ዞር ሲሉ ከጉድጓዱ ውስጥ ዶማው ላይ የተደገፈው አያ ሙጬ ቀና ብሎ አያቸው።

«ኧረ ቆዩ! እኔ አፈሩን ቀስቅሼ ሰው ይመጣልሃል ብዬዋለሁ፤ አሁን ባዶውን ተመለስ ብለው እሺ አይለኝም። ከእናንተ መሃል ኢንሹራንስ ያለው የትኛው ነው?»