የአፋፉ ዝገት

«ውሸት ነው! ይህን በሬ ባሌ የቀጠቀጠው ባለፈው ሐምሌ ነው። ዝገቱን ያለበስነውም እኛው ነን!» አለች አንጓች የምትባል የቀጥቃጭ ሚስት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴት! ብረት እንዲህ የሚዝገው መቶ ዓመት አፈር ውስጥ ሲተኛ ነው» አለ ባላምባራስ ጓንጉል፣ ከጉድጓዱ ገና የወጣውን የብረት በሬ በከዘራው እየነካ።

ይህ ጠብ የተነሳበት ቦታ ዛሬ ዝገት አፋፍ ይባላል። ከገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ዋርካ አለ፤ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ። የአካባቢው ቀጥቃጮች የብረት አንበሳም ይሁን ወፍ ሠርተው አሮጌ እንዲመስል ዝገት ሊያለብሱት ሲፈልጉ ወደዚያ ድንጋይ ያመጡታል። ቤት ውስጥ ወይም ከአጥር ጀርባ ይህን ሥራ የሚሠራ የለም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሎች የአንጓችን ጠብ ያነሳሉ።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን አፋፉ ላይ የሚኖሩት አሥራ አንድ የቀጥቃጭ ቤተሰቦች ነበሩ። ጫካውን መንጥረው መሬቱን ያቀኑት እነሱ ቢሆኑም ከሥሩ ጥሩ ምንጭ ስለነበር ባላምባራስ ተመኘው። የአገሩ ልማድ ደግሞ በመሬት ላይ ክርክር ሲነሳ የማን አባት ቀድሞ እንደሰፈረ የሚያሳይ የጥንት ምልክት ይጠይቅ ነበር። ባላምባራስ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ የአንጓችን ባል ደምለውን አስጠርቶ፣ «ለደጃፌ ጌጥ የሚሆን የብረት በሬ ሥራልኝ፤ ግን የጥንት ይምሰል» አለው ይባላል።

ደምለው በእጁ ሥራ የሚኮራ ሰው ነበርና ለምን ብሎ አልጠየቀም። በሬውን ቀጥቅጦ አበጀው፤ የእሳቱን ጥቁረት በአሸዋ ፈግፍጎ አስለቀቀው። አንጓች አሞሌ ጨው ወቅጣ በሎሚ ጭማቂ ለወሰችለትና ቀባው። ከዚያም በእርጥብ ገለባ ጠቅልለው ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፉ ሰባት ቀን አቆዩት፤ ሲገለጥም በሬው እንደ ቀይ አፈር ሆኖ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃል ይል ነበር። ደምለው ግን ዝገቱ ሲነካ እንዳይለቅ የኑግ ዘይት አጠጥቶ በእሳት ወላፈን አደረቀው።

ባላምባራስ በሬውን ተረክቦ፣ ማንም ሳያየው አፋፉ ላይ አስቀበረው። በጥቅምት ዳኛውንና ሽማግሎችን ይዞ መጣና «እዚህ ጋ ቆፍሩ፤ የአያቴ ምልክት አለ» አለ። ሲቆፈርም በሬው ወጣ። ቀጥቃጮቹ ሁሉ ሥራውን አውቀውታል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የቀጥቃጭ ቃል ለምስክርነት አይቆጠርም ነበር ይባላል።

አንጓች ጉድጓዱ ድረስ ሄዳ፣ ምናልባት ቢለቅ ብላ የበሬውን ጀርባ በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው። ዝገቱ አንዲት ቅንጣት አልለቀቀም። የባላምባራስ ሰዎች ሳቁባት።

«ልብስ ልታጥቢ ከሆነ ወንዙ ወዲያ ነው!» አላት አንዱ።

ወደ ባሏ ዞረች። «ተናገር እንጂ! አፍህም ዛገ?»

ደምለው መሬት መሬቱን አየ። ፈርቶ ነው ይላሉ።

ዳኛው መሬቱ ለባላምባራስ ይገባል ብለው ሊፈርዱ ሲሉ አንጓች ከፊታቸው ቆመች። ትከሻቸው ላይ ወዳጋደሙት መጥረቢያ በእጇ አመለከተች።

«ጌታዬ፣ ይህን አዲስ መጥረቢያዎን ይስጡኝ። ሁሉም እያየኝ፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ፣ በሰባት ቀን የአያትዎን ዕድሜ እሰጠዋለሁ። ካልቻልኩ ልጆቼን ይዤ መጀመሪያ ከዚህ የምወጣው እኔ ነኝ።»

«የቀጥቃጭ ሴት የዳኛ መጥረቢያ ልትነካ?» ብሎ ጮኸ ባላምባራስ።

«መጥረቢያው የኔ ነው» አሉ ዳኛው፤ ድንጋዩ ላይም አኖሩት።

ሰባት ቀን ሙሉ አንጓች ከዋርካው ሥር አልተነሳችም። የባላምባራስ ሰዎች እየተፈራረቁ ይጠብቋት ነበር፤ ሲሻቸው ቡዳ ይሏታል፣ ሲሻቸው ገለባውን በእግራቸው ይበትኑባታል። እሷ መልሳ ትሰበስበዋለች። ንዴቷን ሁሉ ሎሚው ላይ ትጨምቀው ነበር ይባላል። በመጨረሻም መጥረቢያውን እንደ ባሏ ዘይት አጠጥታ በወላፈን አደረቀችው።

በስምንተኛው ቀን ዳኛው መጡ። መጥረቢያቸውን አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ አልለቀቀም። ከበሬው አጠገብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አመሳከሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ባላምባራስ፣ ይህንንስ የቀበረው የትኛው አያትህ ነው?» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ እየተሳደበ በቅሎውን አስመጣ። መሬቱም ለቀጥቃጮቹ ጸና።

አሥራ አንዱ ቤተሰቦች ከዚያ በኋላ ብረት በስውር ላያዝጉ ተማማሉ ይባላል። ዛሬም ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ለሆቴል በር የሚቆም የብረት ፈረስ ሲያዝዙ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ዝገቱ ሲለብስ በዓይናቸው እንዲያዩ ይደረጋል። ሰባት ቀን በዛብን እያሉ የሚያጉረመርሙ አሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ስለ አንጓች ሽማግሎች አንድ ነገር ይጨምራሉ። የዚያን ቀን ሰዉ ሲበተን ደምለው ከኋላ ብቅ አለ። የበሬውን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አደረገና ሳቅ አለ።

«አየሽ አይደል፣ ዳኛው እንኳ አልለዩትም እኮ!» አላት። መጥረቢያውንም ገልበጥ አድርጎ አየው። «ዘይቱን ግን ትንሽ አብዝተሽበታል።»

አንጓች አየችው። ሎሚውና ጨዉ ጣቶቿን ሰነጣጥቀዋቸው ነበር። የጨው ገንቦዋን አነሳች፣ ነጠላዋን አራገፈችና ቁልቁል ወደ ልጆቿ ሄደች።