በረዶ የመታው ማሳ የማን ነው?

ተረት ተረት! በሉ ተቀበሉኝ እንጂ ልጆቼ፤ ተቀባይ ያጣ ተረት መንገድ ላይ ይቀራል።

በዱሮ ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆችና አንድ ማሳ ጤፍ አላት። ሌላ ምንም የላት። ጎረቤቷ ጓንጉል ይባላል። እሱ በሬ አለው፣ አህያ አለው፣ ጎተራ አለው፣ ሆድ አለው። ሆዱ ግን ጠግቦ አያውቅም።

አንድ ጥቅምት በረዶ ወረደ። ምን ዓይነት በረዶ መሰላችሁ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል! የአንጓችን ጤፍ ከአፈር ደባለቀው። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። የጓንጉል ጤፍ ላይ እፍ እንኳ አላለም። በረዶ እንዲህ ነው እናንተዬ፤ አንዱን መትቶ አንዱን ይስታል።

ንጉሡ ሰማ። «በረዶ የመታው ገበሬ ሁሉ ከጎተራዬ ይሰፈርለት። ሌላ ደህና ማሳ ያለው ግን አንድ እፍኝ እንዳይነካ» ብሎ መልእክተኛ ላከ።

አንጓች «ተመስገን! ልጆቼ ሊተርፉልኝ ነው» አለች።

መልእክተኛው ላገሩ እንግዳ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ «ይህ የማን ነው?» ቢል፣ ጓንጉል ቀድሞ ዘሎ ወጣ።

«የኔ ነው ጌታዬ! አለቅሁ! ጠፋሁ!»

መልእክተኛውን ይዘው የመጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ምን ይበሉ? የሚያርሱት በጓንጉል በሬ ነው።

የአንጓች ደሟ ፈላ። ብትጮህ ማን ይሰማታል? ነጠላዋን አስተካከለችና ቀረብ አለች።

«ጌታዬ፣ እኔ ክርክር የለኝም። ብቻ አያ ጓንጉል በንጉሡ ይማልልኝ።»

በዚያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ «ንጉሥ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ካጠፈ አለቀለት።

«አያ ጓንጉል፣ ይህ በረዶ የመታው ማሳ የማን ነው?»

«የኔ! ንጉሥ ይሙት!»

«ከድንበሩ ወዲያ ያለው ደህናውስ?»

ጓንጉል በልቡ አሰላ። የኔ ቢል የንጉሡ እህል ሊቀርበት ነው።

«ያንቺ ነዋ! ንጉሥ ይሙት!»

«ይህን ቃል ያጠፈስ?»

«ከርስቱ ይነቀል! ንጉሥ ይሙት! አሁንስ በቃሽ?»

«በቃኝ፣ አያ» አለች።

ጓንጉል የንጉሡን እህል በአህዮቹ ጭኖ እየዘፈነ ገባ። መንደሩ «ምነው አንጓች፣ እንዲህም ሞኝ አለ?» አላት። እሷ ግን ጎመን እየቀቀለች ልጆቿን አቆየች።

ኅዳር ሲያልቅ ጤፉ ደረሰ። አንጓች ማጭዷን ስላ ደህናው ማሳ ውስጥ ገባች። ጓንጉል እየሮጠ መጣ።

«ሌባ! ሌባ! ጤፌን!»

«የማን አልህ አያ?» አለች፣ ከአጨዳዋ ቀና ሳትል።

መልእክተኛው እህል እያሰፈረ ገና ከዚያ አገር አልወጣም ነበርና፣ ጓንጉል ጎትቶ እሱ ዘንድ ወሰዳት። መልእክተኛው ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ ሁለቱንም ሰማ። ከዚያ ጓንጉልን አየው።

«መሐላህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እውነት ከሆነ ማሳው ከነአዝመራው የሷ ነው። ሐሰት ከሆነ ፍርዱን አንተው ፈርደሃል፤ ከርስትህ ትነቀላለህ።»

ጓንጉል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ያኔ ዲዳ የነበሩት አሁን አፍ አወጡ። «በጆሯችን ሰምተናል ጌታዬ! አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው የማለ!»

ጓንጉል ርስቱን አሰበና «እ… እውነት ነው» አለ። ድምፁ የትንኝ ሆነች።

አንጓች እልልታዋን አቀለጠችው። ያን ዕለት ሞኝ ያላት መንደር ሁሉ ደቦ ወጥቶ አጨደላት፤ ልጆቿም ከነዶው ላይ ሲንከባለሉ ዋሉ።

ያች ሴትዮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደል የሚባለው? ጓንጉልም እንደሷው ሆነ። ተረቴ ይኸው አለቀ፤ እናንተ ልብ በሉ፣ ለኔ ጉሮሮዬን ማራሻ አቀብሉኝ።