የባላምባራስ ሽኮኮ ጩኸት

ሥርዓት ያለው አገር ነበር። ንጉሥ አንበሳ ይተኛሉ፣ አያ ጅቦ ያስተዳድራል፣ የቀረው ይፈራል። ከዚህ በላይ ሥርዓት ከየት ይምጣ?

ከጥንት የወረደ አንድ ሕግ ነበራቸው። የሞተ ሁሉ አጥንቱ በአባቶች ዋሻ ይቀመጣል። ሜዳ ላይ አጥንት ከተገኘ ግን በስውር የተበላ አለ ማለት ነው። ያኔ አፍንጫ የተሰጠው ሽኮኮ አጥንቱ ካለበት ቆሞ ይጮኻል፣ ጎሾችም ወደ ጩኸቱ ይነጉዳሉ። ጎሾች ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ወዳጅና ጠላት የሚለዩት በጩኸቱ ብቻ ነው።

አያ ጅቦ ደጁ በአጥንት ሲሞላ ሽኮኮን አልበላውም፤ ሾመው እንጂ! ቅቤ የጠገበ ካባ ደርቦለት፣ ባላምባራስ ብሎ ከንጉሡ ዋሻ አጠገብ አስቀመጠው። ባላምባራስ ደግሞ በአደባባይ አይጮኽም፤ ቢበዛ ያስነጥሳል። አያ ጅቦ ጎሾቹንም “ጨዋ ወገኑን አይወጋም” ብሎ ቀንዳቸውን በገመድ አስጠፈራቸው።

አንድ ጠዋት እመት ሚዳቋ መጥታ የእንስሳቱ ጉባኤ መካከል ወደቀች።

“አያ ጅቦ ሁለቱን ልጆቼን በላብኝ! ሦስተኛዋን ዛሬ ነጥቆ ወሰዳት። በሕይወት አለች፣ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። የጎሾቹን ቀንድ ፍቱልኝ!”

ዝንጀሮዎች ገመዱን በጥርሳቸው በጠሱት። ጎሾቹ ግን ሣር መጋጥ ቀጠሉ።

“ምን ትጠብቃላችሁ?” አለች ሚዳቋ።

“እመት፣ ማን ጠራን?” አለ ሽማግሌው ጎሽ። “ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንብን።”

ዓይን ሁሉ ወደ ሽኮኮ ዞረ። ሽኮኮ አፈረ፤ ካባው ውስጥ ገብቶ መጥፋት አማረው። የአያ ጅቦን ደጅ ሽታ ከመሾሙ በፊት ጀምሮ እያወቀ ስንት ወር ሙሉ ዝም ብሏል! አሁን እዚሁ ተቀምጦ ቢጮኽ ደግሞ ጎሾቹ ሚዳቋንም ጉባኤውንም ይደፈጥጣሉ። መጮኽ ያለበት አጥንቱ ካለበት ነው፤ ያውም ከጅቡ ጥርስ ሥር።

ካባውን ጥሎ ወደ አያ ጅቦ ደጅ ወረደ።

“ውይ ባላምባራስ፣ በእግርዎ?” አለ አያ ጅቦ ከደጁ ብቅ ብሎ። “ደግሞ ካባዎስ?”

“እዚያ ላይ ነው። ደስ ካለህ ልበሰው።”

ሽኮኮ አፉን ከፈተ። የወጣው እንደ አይጥ ያለ ቀጭን ሲርታ ብቻ ነበር። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽኮኮ በገዛ ድምፁ ተናደደና የሚዳቋን ልጅ ለቅሶ እየሰማ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

ጎሾቹ ቀና አሉ። ምድር ተንቀጠቀጠች። ሽኮኮ ለጥቂት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተወሸቀ። አቧራው ሲበተን አያ ጅቦ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር። ግልገሏ አንድ ጆሮዋ ተቀዶ፣ ከጅቡ ጉድጓድ ወጥታ እየተንገዳገደች ወደ እናቷ ሄደች። እናት ጆሮውን እየላሰች አለቀሰች።

ንጉሡ በጫጫታው ነቁ።

“ጎበዝ ሽኮኮ! አሁን ግን ይበቃል፣ ዝም ይባል። ጎሾቹም ይታሰሩ። አንተን ደጃዝማች ብዬሃለሁ።”

ሽኮኮ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ንፋሱ ከንጉሡ ዋሻ በኩል ይነፍስ ነበር። አጠገባቸው ሲኖር የካባው ቅቤ ሸፍኖበት ኖሮ፣ ዛሬ ገና ሸተተው፤ አጥንት ነው፣ ብዙ አጥንት።

“ምን ይሸትሃል?” አሉ ንጉሡ፣ ድምፃቸው ቀጠን ብሎ።

ሽኮኮ ወደ ዋሻቸው አቀበቱን ተያያዘው። የጎሾቹን ቀንድ ለማሰር ገመድ ይዞ የቀረበ አልነበረም፤ እነርሱም ሣሩን ትተው ጆሯቸውን አቁመዋል።