የተለቀመ አፕል ይተነፍሳል

አንድ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነበር፤ ሻንካ ይባላል። ተራራማዋ ጨንቻ ላይ የአፕል ገበሬዎች ተሰባስበው ቀዝቃዛ መጋዘን እንዲሠራላቸው ቀጠሩት። እጁ ቀልጣፋ ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ፤ ምናልባት አጠገባችሁ ተቀምጧል።

ቤቱ ውስጥ አባቱ ተኝተዋል። ስትሮክ ጥሏቸው አንደበታቸው ተዘግቷል። ሰሞኑን ደግሞ ማንኪያ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ ግድግዳ መዞር ጀምረዋል። የሽማግሌ አፍ ለምግብ ከተዘጋ ምን እንደሚከተል አልነግራችሁም።

ሚስቱ ዘርፌ፣ «እባክህ ገብተህ አጫውታቸው» አለችው።

«ማንን? ግድግዳውን?»

«አባትህን!»

«ዘርፌ፣ አባባ አልቀዋል። የቀረው ትንፋሽ ብቻ ነው።»

ትንፋሽ ብቻ! ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በነሻንካ ቤት የዓመቱን የመጀመሪያ ፍሬ የቤቱ ሽማግሌ ሳይቀምስና ሳይመርቅ ማንም አይነካውም። የጓሮውን የአፕል ዛፎች በእጃቸው የተከሉትም እኚሁ አባት ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ሻንካ፣ «ምን ብለው ይመርቃሉ?» አለና ፍሬውን ጭኖ ወደ መጋዘን ወሰደው። አለፋቸው።

መጋዘኑ በአሥር ቶን አፕል ጢም አለ። ማሽኑ ያጓራል፤ ክፍሉ ግን አልቀዘቅዝ አለ። ገበሬዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ የዓመት ልፋታቸው ውስጥ ነዋ!

«ሻንካ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው ወይስ ምድጃ?» አለ አንዱ።

«በሩን እናንተ እየከፈታችሁ ነው!»

«እኛማ ዘግተነዋል። እየከፈትክ የምታየው አንተ!»

ሻንካ የማሽኑን አቅም የመረጠበትን የሙቀት ሂሳብ ከለሰ። በግድግዳው የሚገባው ሙቀት አለ። የአምፖሉ አለ፣ የማራገቢያው አለ፣ የሠራተኞቹም አለ። ፍሬው ከማሳ ይዞት የገባውም አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ቀረ! የተለቀመ አፕል ሞቷል እንዴ? አልሞተም። ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀት ይሰጣል። ሻንካ ይህን አንብቦት ነበር። ግን የተጻፈው በሚሊዋት ነው፤ ለአንድ ኪሎ አርባ ሚሊዋት። ሚሊዋት የዋት አንድ ሺኛ ናት። ማሽኑ ደግሞ በሰዓት የሚያስወጣው ሙቀት የሚለካው በቢቲዩ፣ በሌላ የሙቀት መለኪያ ነው። «ይህችን ፍርፋሪ ማን ይመነዝራል?» ብሎ ዘለላት።

አሁን መነዘራት። ከኋላ ያላችሁ፣ አታዛጉ! እኔ ያለ አስተማሪ የለቀምኩትን ሂሳብ እናንተ ከአስተማሪ ጋር አያቅታችሁም። አርባ ሚሊዋት በአሥር ሺህ ኪሎ ሲባዛ አራት መቶ ዋት ሆነ። አንድ ዋት በሰዓት ሦስት ነጥብ አራት ቢቲዩ ገደማ ነው። አራት መቶው ስንት ይሆናል? አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ! የማይጠፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጋዘኑ ውስጥ ተጥዷል ማለት ነው። «ምድጃ» ያለው ገበሬ አልተሳሳተም።

ግማሹን ፍሬ አውጥተው በተራራው ብርድ፣ ጥላ ሥር ደረደሩት። መጋዘኑ ቀዘቀዘ፣ ፍሬውም ተረፈ።

ሻንካ ግን ራሱን ጠየቀ። ተለቅሟል፣ አልቋል ብሎ የዘለለው አፕሉን ብቻ ነበር እንዴ?

አንድ አፕል ይዞ ቤቱ ገባ። ፈቀፈቀና በማንኪያ አድርጎ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዘለልኩዎት። ዛፉ የእርስዎ ነው፤ ይቅመሱና ይመርቁን።»

ሽማግሌው ከግድግዳው ዞሩ። ማንኪያውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ።

ቀመሱ! ከዚያ የልጃቸውን መዳፍ ወደ ከንፈራቸው ሳቡት። ቃል አልወጣም። ትንፋሽ ወጣ፤ ሞቅ ያለ ትንፋሽ፣ መዳፉ ላይ።

ዘርፌ ከበሩ ሥር፣ «አሜን» አለች።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር ሲያበጀው ምን ጨመረበት? ሥልጣን? ንግግር? ትንፋሽ! ትንፋሽ ብቻ። እናንተ «ብቻ» የምትሉት እርሱ ከአፉ የሰጠው ነው።

እናንተስ ማንን ዘለላችሁ? የማትናገረዋን እናታችሁን? ከአልጋ የማይነሳውን ወንድማችሁን? «ምን ይጠቅማል» ብላችሁ በሩን የገጠማችሁበት ማነው? ለምን ቤታችን ጎደለ፣ ለምን በረከት ራቀን ትላላችሁ። ሂሳቡን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ የሰውን ሙቀት በሚሊዋት አይታችሁ ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ!

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ከማዕዱ በፊት ያንን በር ክፈቱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደዚያ ውሰዱ። መዳፋችሁን ዘርጉና ታገሡ። ቃል ላይወጣ ይችላል። ሲሞቃችሁ ግን «አሜን» በሉ።