አምስት ኮከብ ከአልቃሿ

ግጥም ስትደረድር ድንጋይ የምታስለቅስ አንዲት አልቃሽ ነበረች። የምትኖረው አቶ ወንድይፍራው ግቢ ውስጥ ተከራይታ ነው። አቶ ወንድይፍራው ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ካላመናችሁ እሳቸውን ጠይቁ።

እኚህ ሰው ስልክ ላይ ጣት ሲያርፍ የደም ግፊት ይለካል የሚሉትን አፕ አወጡ። ሰው ግን አፕ ከመጫኑ በፊት የተጠቀሙበት ሰዎች ምን እንዳሉ ያነባል፤ ከእሳቸው አፕ ስር ደግሞ አንድም አስተያየት የለም። ስለዚህ አልቃሿን ከገበያ ስትመለስ አስጠሯት።

«የማይረባውን ሟች ሁሉ ጀግና ታደርጊው የለም እንዴ? በይ አሁን ለአፔ አምስት ኮከብ ስጪና አሞግሺልኝ። አሻፈረኝ ካልሽ ቤቴን ልቀቂ!»

አልቃሿ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። «ግፊትዎ ጤናማ ነው» አላት አፑ። ከዘንቢሏ ድንች አወጣችና በጣቷ ፈንታ አስቀመጠች። አፑ ድንቹንም አንቱ ብሎ፣ «ግፊትዎ ጤናማ ነው» አለው።

«እህሳ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው ደረታቸውን ነፍተው።

«ኧረ ጋሼ፣ አምስት ኮከብ ሲያንሰው ነው!» አለችና አምስቱንም ሰጥታ፣ እዚያው ከአፑ ስር ጻፈችላቸው። እሳቸውም ስልኩን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ሙያዬ ማልቀስ ነው። ሰሞኑን ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ደም ግፊት ያለባችሁ ወገኖቼ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አፕ እመኑት፤ እኔም እንጀራዬን ልብላበት።»